ባለ ሁለት ሽቦው ገመድ

ዛር፣ ሟርት፣ ጠንቋይ የሚባል ወሬ ሲነሳ ተነስቼ የምሄድ ሰው ነኝ፣ ይሄን አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ የማወራችሁን ሰምታችሁ ከእነዚያ እንዳትደምሩኝ። ደባርቅ ላይ ሞባይል እጠግናለሁ። ፊደል የቆጠርሁት በአርባ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ከዚያ በፊት ባላነበብሁት ወረቀት ላይ አውራ ጣቴን አትሜ መሬቴን አጥቻለሁ፣ ስለዚህ በገዛ ዓይኔ ያላነበብሁትን የማንንም ቃል አላምንም።

የታላቅ ወንድሜ የአያ እጅጉ ቤት ከሊማሊሞ አፋፍ ስር ነው። ዘንድሮ ክረምቱ ሲገባ ከቤቱ በላይ ያለው መሬት ተሰነጠቀ። ልቀቅ ብለው እምቢ አለ፣ ልጁ እናኑ ሴት ልጅ ወልዳ አራስ ናት፣ «ሕፃኗ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ሳትነሳ አራስ ከቤት አላስወጣም፣ ወንዝም አላሻግርም» አለኝ፣ ስንጥቁንም በጭድና በጭቃ ይመርገው ጀመር። ጭቃ ለግድግዳ እንጂ ለተራራ ይሆናል? ብየዋለሁ፣ ከዚህ የከፋም ብየዋለሁ፣ አፌ እንዲህ ነው።

ጎንደር የምትሠራው ልጄ፣ ሙሉ የምትባለው፣ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ላከችልኝ፣ መዳፍ የማታክል ነገር ናት፣ መለኪያዋ ስንጥቁ ላይ ሲታሰር ስፋቱን በሳንቲሜትር እየለካች፣ መሬቱ ሲላወስ ቤት ውስጥ ጡሩምባ ታስነፋለች ተባለ። መጀመሪያ ግን ከላፕቶፕ ጋር በገመድ አገናኝቼ ቁጥሩን በትክክል መናገሯን ማየት ነበረብኝ። አልናገር አለች።

ቅዳሜ ነበር፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ጉሙ አስፋልቱን ውጦት የሚያልፉት መኪኖች ድምፃቸው ብቻ ይሰማል። ቦርዱ ላይ ቀይ መብራት በርቷል፣ ላፕቶፑ ግን ምንም አላየሁም ይላል። ቀዳዳ ቀየርሁ፣ አጠፋሁ፣ አበራሁ፣ በመጨረሻ ለሙሉ ደወልሁ።

«አባባ፣ በየትኛው ገመድ ነው የሰካኸው?»

«በሱቁ ገመድ ነዋ፣ በመጫኛ ልሰካው ኖሯል?»

«የቻርጀር ብቻ እንዳይሆን። አንዳንዱ ውስጡ ሁለት ሽቦ ነው ያለው፣ ኃይል ያሳልፋል እንጂ ወሬ አያሳልፍም። ባለ አራት ሽቦ ፈልግ።»

ስልኩን ዘግቼ ሌላ ገመድ ፍለጋ መሳቢያውን ስስብ፣ ከጠረጴዛው ስር ጠጠር ጠብ ሲል ሰማሁ። አይጥ ነው ብየ ቀና ስል፣ እመኑኝ፣ ማንም ሳይነካው ላፕቶፑ ላይ ጽሑፍ ይወርዳል። መጀመሪያ የተተረማመሰ ነገር፣ ሳጥንና የጥያቄ ምልክት፣ ይሄ ያለ ነው፣ ቦርዱ የሚልክበትና ላፕቶፑ የሚቀበልበት ፍጥነት ካልገጠመ እንዲያ ይሆናል፣ አስተካከልሁት። ከዚያ ጠጠር ጠብ ባለ ቁጥር አንድ መስመር ይወርድ ጀመር። 34። ጠብ። 35። ጠብ። 41። 48። 58። 61። ከዚያ ቁጥሩም ጠጠሩም ጸጥ አለ።

መለኪያዋ እኮ ከቦርዱ ጋር አልተያያዘችም፣ ቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ተጠቅልላ ተቀምጣለች። ጎንበስ ብየ ከጠረጴዛው ስር አየሁ፣ አንድ ጠጠር የለም። ገመዱን ነቅዬ በምላጭ ተረተርሁት። ቀይና ጥቁር። ሁለት ሽቦ። ሦስት ጊዜ ቆጠርሁት።

ለወንድሜ ደወልሁ።

«አያ፣ ዛሬውኑ አራሷን ይዘህ ውጣ።»

«ማን አለህ?»

«ቦርዱ።»

ሳቀብኝ። «በስተርጅና ፊደል ቆጥረህ ደብተራ ሆንህ? ሕፃኗ ገና ሠላሳ አራት ቀኗ ነው። በል ሞባይልህን ጠግን።»

በማግስቱ እሁድ ሜትር ይዤ ወረድሁ፣ ጭቃውን በዱላዬ አንስቼ ስንጥቁን ለካሁ። ሠላሳ አራት ሳንቲሜትር። ባለፈው ሃያ ሰባት ነበር። አጋጣሚ ነው አልሁ። ሙሉ ከጎንደር ባለ አራት ሽቦ ገመድ ላከችልኝ፣ በእሱ ቦርዱ ትንፍሽ አላለም፣ ተቃጥሏል አለችኝ። በሳምንቱ እሁድ ስለካ ሠላሳ አምስት፣ በሌላው አርባ አንድ። በአራተኛው እሁድ ሜትሩን ለእጅጉ ሰጠሁትና «ራስህ ለካው፣ አርባ ስምንት ነው» አልሁት። ለካ። አርባ ስምንት ሆነ፣ ፊቱ ጠቆረ።

«ለካ አንተ ነህ እያሟረትህ የምትከፍተው» ብሎ ከደጁ አባረረኝ። ያን ቀን አፌን ብይዝ ኖሮ እላለሁ አሁን፣ ግን መቼ ይዤ አውቃለሁ።

ትናንት፣ በአምስተኛው እሁድ፣ እንደ ሌባ በጓሮ በኩል ወጥቼ ለካሁ። ሃምሳ ስምንት። ክርስትናው አሥራ ስድስት ቀን ቀርቶታል። ቀጣዩ ስልሳ አንድ ነው፣ ከእሱ በኋላ ምን እንዳለ አላውቅም፣ ላፕቶፑ ላይ ከዚያ በታች ባዶ ነበር። ስመለስ እናኑ በመስኮት አየችኝ፣ ከአባቷ ተደብቃ ሕፃኗን ከፍ አድርጋ አሳየችኝ፣ ፈገግ አለች።

በሟርት አሁንም አላምንም። የሱቄን ጓዳ ግን ለአራሷ ጠርጌ አልጋ ዘርግቼበታለሁ፣ አያ እጅጉ ስልኩን አያነሳም፣ የፊታችን እሁድ ሜትሩን ይዤ ልውረድ ወይስ ልቅር፣ እንጃ።