ያልታደሰ የባሕር ካርታ

ሰውን የሚጎዳው አለማወቁ ብቻ አይደለም፤ ድሮ ያወቀው ነገር ዛሬም እንደነበረ ያለ እየመሰለው ብዙ ጊዜ ይጎዳል። የአንድ ፀጉር አስተካካይ ታሪክ ይህንኑ ያሳያል።

ሱቁ ወደቡ አጠገብ ነበር። ከሚስቱ ቀጥሎ የሚወደው ትንሿን ባለ ሸራ ጀልባውን ነው። ጠንቃቃ ነኝ ይላል፤ በከፊልም እውነቱን ነው። «ስልክ ውሃ ከነካው አለቀለት። ወረቀት ግን ባትሪ አይጠይቅም» እያለ፣ የወደብ መሥሪያ ቤቱ በኢንተርኔት በነጻ የሚያወጣውን የባሕር ካርታ አትሞ፣ በላስቲክ ሸፍኖ ጀልባዋ ውስጥ ሰቅሎታል። ችግሩ ያተመው ከዓመታት በፊት ጀልባዋን የገዛ ሰሞን መሆኑ ነው። መሥሪያ ቤቱ ካርታውን በየጊዜው ያድሳል፤ እሱ ግን የድሮውን ካርታ አቧራ ይወለውላል።

ከባሕረ ሰላጤው ማዶ የምትኖረው ልጃቸው የመጀመሪያ ልጇን በወለደች ማግስት፣ ባልና ሚስት በጀልባቸው ሊሄዱ ተነሡ። ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ ለሕፃኑ የሰፋቻቸውን ልብሶች እያጣጠፈች፣

«አንተ ሰውዬ፣ ካርታውን እንደገና አትመህ ያዝ እንጂ» አለችው። «ዘንድሮ ማዶ ያለው ወንዝ ያን ሁሉ አፈር ባሕር ውስጥ ሲደፋ አላየህም?»

«ባሕር እንደ ፀጉር በየወሩ አያድግም፣ እሜቴ! ደሞ የማተሚያው ቀለም አልቋል።»

«ሱቅ ሄደህ አሳትማ። ወረቀት አልኩህ እንጂ ወርቅ አምጣ አላልኩህም።»

«የልጅ ልጄ እየጠበቀኝ ወረፋ ልያዝ?»

ሳቀች። እሷም ቸኩላ ነበርና ነገሩን ተወችው።

ንፋሱ ተስማምቷቸው ከሰዓት በኋላ ወደ ማዶ ተቃረቡ። የልጃቸው ከተማ ቤቶች መታየት ሲጀምሩ ግን ማዕበሉ በረታ። ባልየው መንገድ ለማሳጠር በወንዙ አፍ በኩል ለማለፍ አሰበና ካርታውን አየ። ጥልቅ ነው ይላል። ጀልባዋን ሳይጠራጠር ወደዚያ መራት።

ድንገት ከታች ድም የሚል ድምፅ ተሰማ። ጀልባዋ ከውሃው በታች ባለ የአሸዋ ክምር ላይ ተሰክታ ቀጥ አለች፤ ከኋላ የመጣው ማዕበልም በጎኗ አጋደማት። የሸራው አግዳሚ እንጨት ተወርውሮ የሚስቱን ቀኝ እጅ ከጀልባዋ ጠርዝ ጋር አጣበቀው። ጩኸቷን ሲሰማ መሪውን ለቆ ተንደረደረ፤ አጥንቷ ተሰብሯል።

አላፊ ዓሣ አጥማጆች አይተዋቸው ከነጀልባቸው ጎትተው አወጧቸው። ከሐኪም ቤት ወደ ልጃቸው ቤት ሲደርሱ መሽቷል። ልጅቱ ሕፃኑን ለእናቷ ልትሰጥ እጇን ዘረጋች፤ የታሰረውን ክንድ ስታይ ግን ቀስ ብላ መለሰችው። ልታርሳት የመጣችው እናት ራሷ እንደ አራስ ተንከባካቢ ፈለገች። አያት አንገቷን አስግጋ የሕፃኑን ግንባር ሳመች፤ እንባዋም በጉንጯ ወረደ።

ፀጉር አስተካካዩ ሌሊቱን ዓይኑን አልከደነም። ጠዋት አማቹን ኮምፒውተርና ማተሚያ ለምኖ የታደሰውን ካርታ አተመ። የተሰኩበት ቦታ በጉልህ ተቀልሞ «ደለል ሞልቶበታል፣ አይታለፍም» ይላል። ወረቀቱን ይዞ ሚስቱ ወደተኛችበት ገባ።

«በኔ ነው» አላት። «ነግረሽኝ ነበር።»

ካርታውን በግራ እጇ ተቀብላ የተቀለመውን ቦታ አየችው።

«ብትገድለኝ ኖሮ ይሄን ልጅ ማን ይስምልኝ ነበር?» አለች። ከዚያ ፊቱን ስታየው አንጀቷ አልቻለም። «በል ተው አሁን። እጄ ይድናል። ለመመለሻችንም በየትኛው በኩል እንደምናልፍ ቁጭ ብለህ አሳየኝ።»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና በጣቱ መንገዱን እየተከተለ አሳያት። እሷም ካርታው ላይ ያለውን እያንዳንዱን የጥልቀት ቁጥር ጠየቀችው፤ የማያውቀውን «አላውቅም፣ እንጠይቃለን» አላት። በትዳር ዘመናቸው ይህን ቃል ከአፉ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር።

ወገኖቼ፣ በትንሽ ጀልባ የምትጓዙ ሁሉ፣ የታተመ ካርታ መያዛችሁ ደግ ነው፤ ስልክ ሲጠፋ ያወጣችኋል። ነገር ግን ከመነሣታችሁ በፊት አዲሱን አትሙ። አሸዋው ቦታውን ሲቀይር ለማንም አይናገርም፤ ጀልባው ላይ የምትጭኑት ደግሞ የሚወዳችሁን ሰው ነው።