ታኮ የሌለው ባቡር

ጨለማ አልነበረም። መብራት አልጠፋም። ውሻም አልጮኸም።

የምነግራችሁ ነገር የደረሰው በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ በተወለድኩበት ቤት ውስጥ ነው። ውሸት ነው የምትሉ በሉ። ሌላ ሰው ቢነግረኝ እኔም “ሰውዬ፣ እስኪ ትንሽ ተኛ” ነበር የምለው።

ግን ሆኗል።

ሩቅ አገር ስማር ቆይቼ የተመለስኩት አባዬ ከተቀበረ በኋላ ነው። ቤቱ እንዳለ ነበር። ኮቱ በር ጀርባ ተሰቅሏል። መላጫው የመስኮቱ ደፍ ላይ አለ። ሊጠይቀን የሚመጣው ሰው ሁሉ ዓይን ዓይኔን ያየኛል፤ እንዳለቅስ ይጠብቃል።

እንባ አልመጣም።

“ድንጋይ ሆነህ መጣህ” አለችኝ ታላቅ እህቴ፣ እታለም።

አልዋሸችም። እበላለሁ፣ ጣዕሙ የለም። እተኛለሁ፣ እንቅልፉ የሌላ ሰው ይመስለኛል። ልቆይ ወይስ ተመልሼ ልሂድ ብዬ እጀምርና ሐሳቡን ሳልጨርሰው እተወዋለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ነበር የቀረኝ... እማዬ።

ልቧ ደክሟል። ከአልጋ አትወርድም። ሐኪሙ ኮሪደር ላይ አቁሞን “አታስደንግጧት” ብሎናል። አባዬ ሳላየው ሄደ። እሷ እንዳትሄድብኝ... ሌላ ምንም አልፈለግሁም።

እጄ ሥራ ሲፈታ ደግሞ አያስቀምጠኝም። ስለዚህ የአባዬን ባቡር አወጣሁት።

አባዬ ዕድሜውን ሙሉ የባቡር መካኒክ ነበር። ጡረታ ሲወጣ ተገጣጥሞ የሚሠራ የባቡር ሞዴል ገዛ። ጎታቹ ሎኮሞቲቭ ብቻ። ክንድ አይሞላም፤ ግን እንደ ትልቁ ሁሉ ነገር አለው። ለዓመታት ሲነካካው ኖረ። አልጨረሰውም። ሞተር እንኳን አልገጠመለትም።

ሳጥኑን ስከፍት ብረቱ ዝጓል። ቀለሙ ተላልጧል። አንዱ አክስል ተጣሟል።

ከፊተኛው መንኮራኩር ሥር ደግሞ ጥፍር የምታክል እንጨት ተወሽቃለች።

ታኮ።

ከባድ መኪና ዳገት ላይ ሲቆም እንዳይንሸራተት ጎማው ሥር የሚወሸቀው ማለት ነው። አባዬ በሚሠራበት ጋራዥ ታኮ ሳያደርግ ከባቡር ዞር የሚል ሰው አልነበረም። ሞተሩ ቢጠፋም። ሜዳ ላይ ቢቆምም።

ግን ለመጫወቻ?

“ሽማግሌው!” አልኩና እንጨቷን በወረንጦ መዝዤ ቆሻሻ ውስጥ ጣልኳት።

ብረቱን የፍሬን ዘይት ውስጥ ዘፍዝፌ ቀለሙን ላጥኩ። ዝገቱን በጥርስ ብሩሽ ፈተግሁ። አክስሉን አቃናሁ። ከዚያ አባዬ ያደርግ እንደነበረው ሎኮሞቲቩን ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አቆምኩት። መንኮራኩሩ በትክክል ካልተቀመጠ በእሱና በመስታወቱ መካከል ብርሃን ያልፋል።

ብርሃን አላለፈም።

በነጋታው እማዬ አልጋዋ ላይ ቀና ብላ ተቀምጣ አገኘናት።

“ርቦኛል” አለች።

እታለም ሾርባውን ይዛ ስትሮጥ ልትደፋው ነበር። “አየህ ምሁሩ? ያንተ ዲግሪ ያላዳናትን የኔ ሾርባ አዳናት!”

“ጨው ይጎድለዋል” አለች እማዬ።

እታለም ሳቀች። መሳቅ እንዳለብኝ ስለገባኝ እኔም ሳቅሁ።

ከዚያ በኋላ ግን ትንንሽ ነገሮች መጡ...

ጥፍሬን ቁረጡልኝ አለች።

ፀጉሬን ሥሩኝ አለች።

ጥቁሩን ጫማዬን ጥረጉልኝ አለች።

“የት ልትሄጂ ነው እማዬ?”

“አባትህ ‘ይሄ ባቡር ያለቀ ቀን አንቺን ይዤ እሄዳለሁ’ ይለኝ ነበር።” ፈገግ አለች። “ቲኬቱን ማን ይከፍላል ስለው ‘ለመካኒክ ሚስት በነፃ ነው’ ይለኛል።”

ጫማውን ተቀብላ ብርድ ልብሷ ሥር ከተተችው።

እታለም አየችኝ። ትከሻዬን ሰበቅሁ። ታማሚ ስንት ነገር ይላል። ደግሞ እየተሻላት ነው... ሰው ሲሻለው ለምን ተሻለህ አይባልም።

የቀረኝ መንኮራኩሮቹን እርስ በርስ የሚያያይዘው ዘንግ ነበር።

ዛሬ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ዘንጉን የምታስረውን የመጨረሻዋን ዳዶ በፒንሳ አጠበቅሁ። ፀሐይ ጠረጴዛውን ሞልታዋለች። ከጎረቤት ሬዲዮ ይሰማል። ለሙከራ ያህል መንኮራኩሩን በጣቴ ገፋ አደረግሁት።

“ውይ... ቀስ!” አለች እማዬ ከክፍሏ።

በሯ ዝግ ነበር።

ጣቴን አነሳሁ።

ሎኮሞቲቩ አልቆመም።

በጣም በዝግታ... መስታወቱ ላይ... ወደ እማዬ በር ይሄዳል።

ጠረጴዛው ዘንበል ብሎ ነው አልኩ። የተማረ ሰው መጀመሪያ የሚለው ይህንኑ ነው። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሬ አስቀመጥኩት።

የኋሊት ሄደ። ወደዚያው በር።

አንስቼ ገለበጥኩት። ሞተር የለም። ባዶ ነው። መንኮራኩሮቹ ግን እጄ ላይ፣ በአየር ላይ፣ ይዞራሉ።

ያን ጊዜ እታለም የእማዬን በር ከፍታ ብቅ አለች። ፊቷ አመድ መስሏል።

“ና እስኪ...” አለች በሹክሹክታ።

“ምን ሆነች?”

“ጫማዋን አድርጋለች። ከነጫማዋ ተኝታለች። ትንፋሿ ግን...”

“ትንፋሿ ምን?”

“እየራቀ ነው።”

ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ የሚዞረውን መንኮራኩር በአውራ ጣቴ ጨቆንኩት። ቆመ።

ከውስጥ ከውኃ እንደወጣ ሰው ያለ ረጅም ትንፋሽ ተሰማ።

“ተመለሰች! ተመለሰች!” እታለም ወደ ውስጥ ሮጠች።

ጣቴን ላላ አደረግሁ።

“ኧረ አንተ! ደግሞ ጠፋባት!”

ጨቆንኩት።

“እታለም!” አልኳት። “ሳጥኑ ውስጥ አንዲት እንጨት ነበረች። ታኮ። ቆሻሻው ውስጥ ጥያት ነበር።”

ተመልሳ በሩ ላይ ቆመች።

“እታለም?”

“ቆሻሻውን አቃጥለነዋል እኮ...”

የክብሪት እንጨት ወሸቅሁ። ተሰበረ። ቡሽ ወሸቅሁ። አሽቀንጥሮ ጣለው። ዳዶዋን ልፈታ ፒንሳውን አነሳሁ... ራሴ ያጠበቅኋት ዳዶ ንቅንቅ አልል አለች።

“እስኪ እኔ ልያዝልህ” አለች እታለም። ጣቷን አስቀመጠች። መንኮራኩሩ ጣቷ የሌለ ይመስል በሥሩ ዞረ። ቶሎ ያዝኩት።

የሚያቆመው የኔ ጣት ብቻ ነው።

አሁን እታለም ሐኪሙን ልትጠራ ወጥታለች። ቤቱ ውስጥ ያለነው እማዬና እኔ ነን። ይህን በአንድ እጄ ስልኬ ላይ እየጻፍኩላችሁ ነው። ሌላው እጄ መንኮራኩሩ ላይ ነው።

አውራ ጣቴ ደንዝዟል። እስከ ክርኔ ድረስ የኔ አይመስለኝም። መንኮራኩሩ ደግሞ እየበረታ ነው... ልክ እጁን እንደተያዘ ሰው ይጎትታል።

የያዝኳት ለሷ ብዬ ይሁን ለኔ፣ አላውቅም። ለማወቅም ጣቴን ማንሳት አለብኝ።

አላነሳም።

አሁን እማዬ እያወራች ነው። ድምጿ የታመመ ሰው ድምፅ አይደለም። የምታወራው ከኔ ጋር መስሎኝ “አቤት እማዬ?” አልኩ።

እሷ ግን ቀስ ብላ፣ እንደ መሳቅ ብላ፣ ለሌላ ሰው...

“ምን ያጣድፍሃል? ልጁ እስኪለቀኝ ቁጭ በላ።”

ከዚያ አልጋዋ አጠገብ ያለው ባዶ ወንበር፣ ከባድ ሰው ሲቀመጥበት እንደሚያደርገው፣ ቀስ ብሎ... አቃሰተ።