የመሮው ጠባሳ

ሰው ቤቱን በምን ያውቀዋል? በበሩ፣ በመስኮቱ፣ በግድግዳው ቀለም ትሉ ይሆናል። ዓይን ላለው ሰው እንዲህ ማለት ቀላል ነው። እኚህ ሽማግሌ አናጢ ግን ቤታቸውን የሚያውቁት በአንድ አሮጌ ጠረጴዛ ነበር።

ሰፈሩ «ዓይናማው» ይላቸዋል። ስሙ የወጣላቸው በደጉ ጊዜ፣ የተጣመመ ሳንቃ ከመንገድ ማዶ ሆነው በአንድ እይታ ይለዩ በነበረ ጊዜ ነው። ኋላ የዓይን ግፊት የሚሉት በሽታ መጣና ቀስ በቀስ ሁለቱንም ዓይኖቻቸውን ወሰደባቸው። ሰፈርተኛው ስሙን አልቀየረም፤ እሳቸውም «ዓይናማው መጣ፣ እንዳልገጫችሁ መንገድ ልቀቁ!» እያሉ ይቀልዱ ነበር። ቀልዱ ያበቃው ሁለተኛው በሽታ ሲመጣ ነው። መርሳት ጀመሩ። መጀመሪያ ዕለቱን፣ ቀጥሎ የጎረቤቱን ስም፣ ቀጥሎ ሚስታቸው መሞቷን... አንድ ቀን ደግሞ አብራቸው የምትኖረውን፣ የምታጥባቸውንና የምታጎርሳቸውን ልብስ ሰፊዋን ልጃቸውን «አንቺ ደግሞ የማን ልጅ ነሽ?» አሏት። ምን ትበል? ልጃቸው መሆኗን ለገዛ አባቷ በምን ታስረዳ?

ያስረዳላት ጠረጴዛው ነበር። ዓይናማው ለሠርጋቸው ብለው ከፈረሰ ቤት ምሰሶ የሠሩት፣ ስድስት ሰው የሚያስቀምጥ ወፍራም ጠረጴዛ ነው። ጠዋት ጠዋት ቦታቸው ላይ ይቀመጡና መዳፋቸውን በእንጨቱ ላይ ያንሸራትታሉ። «ይቺ የካውያ ቃጠሎ ናት። ሙሽራዬ ሸሚዜን ስትተኩስ ወሬ ይዛት የረሳችው።» ጣታቸው ወደ ጠርዙ ይወርዳል። «ይቺን ደግሞ ልጄ ጥርስ ስታወጣ እንደ አይጥ የቆረጠመቻት።» ያኔ ፊታቸው ይበራል፤ ዞር ብለው «ልጄ፣ አለሽ?» ይላሉ። «አለሁ፣ አባዬ» ትላለች መርፌዋን ጥላ፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ። በመጨረሻ ጣታቸው መሃል ላይ ያለ አንድ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ይገባና እዚያው ይቆያል። «ይሄ ሚስማር ነው። ቁጣው እስኪበርድ ነው እንጂ ይመጣል።»

ሚስማር ወንዱ ልጃቸው ነው። ቅጥነቱንና ግትርነቱን አይታ ስሙን ያወጣችለት እናቱ ነበረች። እናት በተቀበረች ማግስት ዓይናማው መላጊያቸውን አንስተው ሥራ ጀመሩ። ጨክነው አልነበረም፤ ሐዘን ሥራ ፈተው ካገኛቸው እንደሚገድላቸው ስለሚያውቁ ነው። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ይህን በምን ይወቀው? «ከእናቴ እንጨትህ በለጠብህ!» ብሎ ጮኸና መሮውን አንስቶ፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ፣ ጠረጴዛው ላይ ሰካው። መሮውን እንደተተከለ ትቶት ወጣ። አሥራ አንድ ዓመት አልተመለሰም።

ዘር ከልጓም ይስባል፤ የአናጢ ልጅ በሄደበት ከተማ አናጢ ሆነ። ሥራው ዘመን ያመጣው ሥራ ነው። ባለጸጎች ያረጀ ጠረጴዛቸውን ያመጡና «የገበሬ ቤት ጠረጴዛ አስመስልልን» ይሉታል። እሱም አሮጌውን ቫርኒሽ ይልጣል፣ ገጹን በብርጭቆ ወረቀት እስኪለሰልስ ያሻል፣ እግሮቹን ነጭ ቀብቶ ጠርዝ ጠርዙን መልሶ ይፍቃል፣ ሰም ያጠጣዋል። ከዚያ በኋላ ያለው ያስቃል፤ ሰንሰለት ይዞ ያንኑ ያለሰለሰውን ገጽ ይደበድበዋል፣ መቶ ዓመት የተበላበት እንዲመስል! እውነተኛውን እርጅና ፍቆ ጥሎ የውሸቱን መለጠፍ... ሰው ግን ወደደለት፣ እጁም ተመሰገነ።

አንድ ቀን እህቱ ከስንት ሰው ጠይቃ ስልኩን አግኝታ ደወለችለት።

«አባዬ እየረሳ ነው» አለችው። «ሳይረሳህ ድረስለት።»

ደረሰ። ግን መከራ ብቻውን አይመጣም፤ እሱ በደረሰበት ዕለት ዓይናማው ሳንባ ምች ይዟቸው ሆስፒታል ገብተው ነበር። አፍና አፍንጫቸው በኦክስጂን ጭንብል ተሸፍኖ በትኩሳት ይነድዳሉ፤ ሰው አይለዩም። የሚፈቀደው አስታማሚ አንድ ብቻ ነው። «እኔ እዚህ አለሁ፣ አንተ ቤቱን ያዝልኝ» አለችው እህቱ። ስለ ጠረጴዛው አልነገረችውም። በየቀኑ የሚያዩትን ነገር ማን ወሬ ብሎ ያወራዋል? ወይኔ! አንዲት ቃል ብትተነፍስ ኖሮ!

ልጁ ቤት ሲገባ መጀመሪያ ያየው የገዛ መሮውን ጠባሳ ነው። ጉድጓዱ እንዳፈጠጠ ጠበቀው። ባለሙያ ነውና የጉድጓዱ አፍ ዙሪያውን መለስለሱን ልብ አለ፤ የመወልወያ ጨርቅ ያለሰለሰው መሰለው። የአባቱ ጣት አሥራ አንድ ዓመት እንደዳበሰው በምን ይጠርጥር? «ይህን ሁሉ ዘመን ከበደሌ ጋር ምሳ በላ» ብሎ ደረቱን መታ። ከልቡ ይቅርታ መጠየቅ ፈለገ፤ ይቅርታን ደግሞ በአፉ ማለት አያውቅበትም። የሚያውቀው በእጁ ነው።

ዘጠኝ ቀን ሠራ። ጉድጓዱ ጥልቅ ስለነበር ገጹን በሙሉ በመላጊያ ማውረድ ነበረበት። ካውያዋ ሄደች። ጠርዙን ሲልግ የእህቱ የወተት ጥርሶች በመላጊያው አፍ ተጠቅልለው ወለሉ ላይ ወደቁ። እግሮቹን ነጭ ቀባ፣ ገጹን ሰም አጠጣ። ሰንሰለቱን አንስቶ ነበር፤ ግን «አባዬን አንድ ጊዜ መታሁት፣ ይበቃል» ብሎ አስቀመጠው። ምግብ ይዞ ሆስፒታሉ በር ላይ እህቱን ሲያገኛት «ለአባዬ ስጦታ እየሠራሁለት ነው» አላት። ደክሟት ነበርና ምንነቱን ሳትጠይቅ ፈገግ ብላ ምግቡን ተቀበለችው። ፍቃፊውን ጠርጎ ያቃጠለው በስምንተኛው ቀን ነው።

ዓይናማው ድነው ወጡ። ልጃቸው ክንዳቸውን ይዛ አስገባቻቸው፤ ራሷ ጠረጴዛውን ስታይ ግን እግሯ ከደጃፉ ላይ ተተከለ። እሳቸው የለመዱትን እርምጃ ቆጥረው ቦታቸው ደረሱና ተቀመጡ። መዳፋቸውን ዘረጉ። አንሸራተቱ። መለሱ። ጠርዙን ከዳር እስከ ዳር ዳበሱ።

«የት ነው ያመጣሽኝ?»

«ቤታችን ነው፣ አባዬ...»

«የለም። ይሄ የሰው ቤት ነው።» ተደናግጠው ተነሱ። «ባለቤቶቹ ሳይመጡ እንውጣ።»

ልጁ እግራቸው ላይ ወደቀ። «አባዬ፣ እኔ ነኝ። ሚስማር ነኝ። ይቅር በለኝ!»

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ትከሻውን በደግነት መታ መታ አደረጉት። «ተነሣ፣ የኔ ልጅ። ሚስማርን ታውቀዋለህ እንዴ? እኔም ልጅ ነበረኝ። ምልክቱን ባገኘው አሳይህ ነበር።»

እህቱ አልተቆጣችውም። ብትሰድበው፣ ብትቧጭረው ምን ያህል ይሻለው ነበር! የሆነውን ሁሉ በለሰለሰ ድምፅ ነገረችው፤ የጠዋቱን ዳሰሳ፣ ካውያዋን፣ ጥርሷን፣ ጉድጓዱንና «ይመጣል» የሚሉትን። እሱ ግድግዳውን ተደግፎ ሰማት።

በማግስቱ ያንኑ አሮጌ መሮ ከአባቱ ሣጥን አወጣ። እርጅናን አስመስሎ መሥራት እንጀራው አይደለም? ቦታውን ለካ፣ ስለቱን አዘነበለ፣ በመዶሻ መታ፣ አፉን በሰም አለሰለሰ። የአባቱን ጣት ይዞ ጉድጓዱ ውስጥ አስገባው። ዓይናማው ለረጅም ጊዜ መረመሩት፤ የድሮው ባለሙያ ለአንድ አፍታ ፊታቸው ላይ ተመለሰ።

«የሠራው ሰው ጎበዝ ነው» አሉ። «ግን ይሄ ተለክቶ የተመታ ነው። የኔ ልጅ ሲመታው እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር።»

ጣታቸውን አወጡ። ከዚያ ቀን ወዲያ ጠረጴዛውን አልነኩትም። ሴት ልጃቸውንም አልጠሯትም፤ ጥርሶቿ ከእንጨቱ ላይ ሲጠፉ ስሟም አብሮ ጠፍቶ ነበር። ምግብ ስታቀርብላቸው «እግዜር ይስጥልኝ፣ እሜቴ፤ ከቤቴ ሳይጠብቁኝ አይቀርም» ይሏታል። በረንዳው ላይ ጫማቸውን አድርገው፣ ዱላቸውን ይዘው፣ ወደ ቤት የሚወስዳቸውን ሰው ይጠብቃሉ። በገዛ በረንዳቸው ላይ! ሰውነታቸው እየኮሰመነ ሄደ፤ በአራተኛው ሳምንት ከአልጋ መነሣት አቃታቸው።

አንድ ቀን ከሰዓት ልጁ አጠገባቸው ተቀምጦ ከንፈራቸውን በውኃ ሲያረጥብ እጁን ያዙት።

«አንተ ደግ ሰው ነህ። አንድ ነገር ላስቸግርህ?»

«ምን?»

«ቤቴን የምታውቀው ከሆነ... ልጄ ይመጣል። ሚስማር ይሉታል። እኔ ካልደረስኩ ንገረው። አንድ ቀን እንኳ ተቀይሜው አላውቅም በለው። መሮውን ነቅዬ ስዬ ሣጥን ውስጥ አስቀምጬለታለሁ፤ ሲመጣ ይሠራበታል።»

ልጁ «ልጅህ እኔ ነኝ» ብሎ ከአንዴም አሥር ጊዜ ነግሯቸዋል፤ በነገራቸው ቁጥር ይደነግጣሉ። አሁን ሊያስደነግጣቸው አልፈለገም። መንገድ ላይ ያገኙትን ሽማግሌ እንደሚያነጋግሩት አድርጎ መለሰላቸው።

«እሺ፣ አባባ። አይስጉ። እነግረዋለሁ።»

«አደራ» አሉት። እጁን እንደያዙ አረፉ።

እነሆ፣ አሥራ አንድ ዓመት የናፈቀው ይቅርታ ለባዕድ ተነግሮ ደረሰው! እንዲህ ያለውን ዕጣ ማን ይጽፈዋል? ጠላት ያፈረሰውን ቤት ጠላትን እየረገሙ ይገነቡታል፤ ፍቅር ያፈረሰውንስ ማንን ረግመው? ሚስማር ወደ ሥራው ተመልሷል፤ መብላት አይቀርም። ሰዎች አሮጌ ጠረጴዛቸውን ሲያመጡለት መላጊያውን ከማንሳቱ በፊት ገጹን በመዳፉ ይዳብስና «ይሄ ጭረት የማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ይስቁበታል። «ማን ያውቃል? ብቻ አጥፋልን» ይሉታል።

እሱም ያጠፋላቸዋል።