በየሰከንዱ ያነበብኳት

መጀመሪያ ያየኋት ከመስታወቱ በር ማዶ ነው። ላፕቶፗን በግራ እጇ አቅፋ በቀኟ ታንኳኳለች። የሰርቨር ክፍሉ ቁልፍ ያለው እኔ ጋ ብቻ ስለሆነ ወጣሁላት።

«ወንድሜ፣ ቆጣሪው የሚሉህ አንተ ነህ?»

ቅጽል ስሜ ነው። አፈርኩ።

«ማሽኔ ስንት ኃይል እንደምትበላ ፈልጌ ነበር። እሷን ስጠይቃት ዜሮ ትለኛለች። ሳትበላ የምትኖር ማሽን ደረሰችኝ እንዴ?»

ሳቅኩ። በላፕቶፗ በኩል የምትሠራባት ማሽን ምናባዊ ኮምፒውተር እንደሆነች ነገርኳት፤ ከሌሎች አራት ጋር በአንድ ትልቅ ሰርቨር ሆድ ውስጥ ተዳብላ የምትኖር። የኃይል ቆጣሪው ያለው ሰርቨሩ ላይ ነው። ውስጥ ያሉት እንዲያዩት አይፈቀድም።

«ታዲያ ማን ይንገረኝ?»

«እኔ እነግርሻለሁ» አልኩ፣ ሳላስበው።

ሁለት ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ አነበብኩላት። «ሰላሳ ስምንት ዋት» ስላት «ጨዋ ናት እኮ» ትላለች። አንድ ቀን ቀረች፤ ቀኑ አልገፋ አለኝ። መውደዴን ያን ቀን አወቅኩ።

ለመናገር ግን ወኔ አጣሁ። በምትኩ አንድ ረዳት ፕሮግራም ሠራሁ። ቆጣሪውን የማየት ልዩ ፈቃድ ያለው እሱ ብቻ ነው፤ እያነበበ ለየማሽኑ ድርሻውን ይነግራል። ለሌሎቹ በደቂቃ አንዴ። ለእሷ በየሰከንዱ። ቁጥሩ ከፍ ሲል እየሠራች ነው፣ ዝቅ ሲል ዐረፍ ብላለች እያልኩ ቁጭ ብዬ አያለሁ። ሞኝነት ነው፣ ግን ደስ ይለኝ ነበር።

ከዚያ ኃይል አጠረን። አለቃችን ከአምስቱ ብዙ የምትበላዋ ዓርብ እንድትዘጋ ወሰኑ። ከረዳቱ ዝርዝር ወሰዱ፦ የእሷ አርባ ሦስት፣ ቀጣይዋ አርባ አንድ።

ሳታንኳኳ በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት።

«ዝርዝሩን የሰጠኸው አንተ ነህ?»

«ረዳቱ ነው...»

«ረዳቱን ማን ሠራው? የሁለት ዓመት ጥናቴ እዚያ ውስጥ ነው፤ ላፕቶፔ አይችለውም። ከተዘጋች ሥራዬም አበቃ፤ እህቴ ጋ ነው የምሄደው፣ የአንድ ቀን መንገድ።»

ቁጥሩን ሦስት ጊዜ መረመርኩ። በሦስተኛው ገባኝ። ማንበብ ራሱ ኃይል ይበላል፤ የሚቆጠረውም በምትነበበው ማሽን ላይ ነው። በየሰከንዱ ማየቴ ሦስት ዋት ጨምሮባታል። እውነተኛው ቁጥሯ አርባ ነበር።

አለቃዬ ጋ ሮጥኩ። «ጋሼ፣ ጥፋቱ የኔ ነው...»

«የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፣ ልጄ። ውሳኔው ተፈርሞ ወጥቷል። አሁን ቁጥር ቀይረህ ብትመጣ ማን ያምንሃል? እንደምትወዳት ከራሷ በቀር ሁሉም ያውቃል።»

ሄጄ ነገርኳት።

«በየሰከንዱ?»

«በየሰከንዱ።»

«ምን ነበር የምታየው?»

«መኖርሽን።»

እንባዋ መጣ። «ቁጥር ከምታይ በሩን ከፍተህ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

ዓርብ ስድስት ሰዓት ላይ መጣች። በሩን ከፍቼ ተውኩት።

«እኔም ልምጣ? ሥራዬን ልተወው» አልኳት።

«አትምጣ። እኔም ወድጄህ ነበር... አሁን ግን አንተን ባየሁ ቁጥር ጥናቴን ነው የማየው። አንብብልኝ።»

የመዝጊያውን ትእዛዝ ሰጠሁ።

«አርባ... አሥራ ሁለት... ሦስት...»

የመጨረሻው ከአፌ አልወጣ አለ።

«ዜሮ በለኝ» አለች። «መጀመሪያም ዜሮ ብላኝ ነው አንተን ያገኘሁህ።»

«ዜሮ» አልኳት።

ላፕቶፗን አቅፋ ሄደች። በሩን ሳልዘጋው ዋልኩ።