መዝገበ ቃላት ያዥ

«አንዷን ቃል ብቻ ንገሪኝ! ጃንሆይ ይሙቱ ለማንም ትንፍሽ አልልም» አለች ፋንታነሽ፣ የአገሬን ነጠላ ጫፍ ይዛ እየጎተተች።

አገሬ የትምህርት ቤቱን አንድ ለእናቱ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ደረቷ ላይ አጥብቃ አቀፈች። ቢቸና ውስጥ ሌላ ስለሌለ ያዥ ተመርጦለታል፤ ያዧም እሷ ናት። ጋሼ ኃይለ ሚካኤል ነገ ሰሌዳው ላይ ባዶ ቤቶች ይሥላሉ፤ ተማሪው ፍንጩን እያነበበ በፊደል ይሞላዋል። ልጆቹ ጨዋታውን «አግድምና ቁልቁል» ይሉታል። ቀድሞ የሞላ ሞጣ ሄዶ ከሞጣ ተማሪዎች ጋር ይወዳደራል። አገሬ ፍንጮቹን ከጋሼ ጋር ስላወጣች አትወዳደርም፤ ግን መጽሐፉን ይዛ በላንድሮቨር አብራ ትሄዳለች።

ሞጣ! ከቢቸና ወጥታ አታውቅም እኮ። ከቃላቱ ሁሉ ከባዱ «ሆራይዘን» ነው። መዝገበ ቃላቱ «ሰማይና ምድር የተገናኙ የሚመስሉበት መስመር» ይለዋል። ጋሼ ደግሞ «ብትሄድ ብትሄድ የማትደርስበት» የሚል ፍንጭ ጨመሩለት። ከዚያ ቀን ወዲህ አገሬ ልቧ ከእሷ ጋር የለም። በሞጣ በኩል የጤፉ ማሳ አልቆ ሰማዩ የሚጀምርበትን ስታይ ትውላለች። እዚያ ያሉ ልጆችስ ወደዚህ ሲያዩ፣ ምድር ቢቸና ላይ ያለቀች ይመስላቸው ይሆን? እናቷማ «ይህች ልጅ ቆማ ታልማለች» ብላ ተስፋ ቆርጣለች።

«ማሸነፉ ምን ያደርግልሻል? እንግሊዝኛ ስትሰሚ እንቅልፍሽ ይመጣ የለ እንዴ?» አለቻት አገሬ ለፋንታነሽ።

ፋንታነሽ አልሳቀችም። «እናቴ ሞጣ ናት። ከአባዬ ከተፋቱ ወዲህ አላየኋትም። ስሟን ሲሰማ እሳት ይሆናል፤ ትምህርት ቤት ላከኝ ካልኩት ግን እምቢ አይልም። መልኳ እየጠፋብኝ ነው፣ አገሬ።»

ቃሉ የአገሬ ምላስ ጫፍ ድረስ መጣ፤ መለሰችው። ለጋሼ በማርያም ምላለች። ደግሞስ የክፍላቸው ልጅ፣ ምስኪኑ አካለ ወልድ፣ ክረምት ከበጋ ሲያጠና ኖሮ በምን ዕዳው ይሸነፍ?

«አልነግርሽም» አለች።

«አይ ጓደኛ!» ፋንታነሽ ነጠላውን ለቃ ሄደች። እያለቀሰች መሆኗ ከጀርባዋ ያስታውቃል።

አገሬ ሜዳው ላይ ብቻዋን ቆማ ቀረች። ፀሐይ ወደ ጮቄ አዘቅዝቃለች። ያንን የሰማይ ጠርዝ ለረጅም ጊዜ ስታየው ቆየችና ወደ መምህራን ክፍል ገባች።

«ጋሼ፣ መጽሐፉን ሌላ ሰው ይያዘው። ክንዴን ያመኛል።»

ጋሼ ኃይለ ሚካኤል ከሐረር የመጡ ተጫዋች ሰው ናቸው፤ የተማሪ ውሸት ያስቃቸዋል። አሁን ግን አልሳቁም። «ማን ይያዘው ታዲያ?»

«ፋንታነሽ።»

«እንግዲያው ሞጣም የምትሄደው እሷ ናት። ገብቶሻል?»

አገሬ መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። እንባዋ መጣ፤ ዋጥ አደረገችው።

«ይሻላል ጋሼ። እኔን እንደሆነ መኪና ያዞረኛል» አለች፤ በዕድሜዋ መኪና ላይ ወጥታ አታውቅም።