ከረግረጉ የወጣው የጦር ዘንግ

ፕሮፌሰር ሆልገር ቶፍት በከተማችን ሙዚየም ምድር ቤት፣ በውኃ ገንዳዎቹ መካከል በግንባራቸው ተደፍተው ተገኙ። ጭንቅላታቸው ከኋላ ተፈልጧል፤ ቀኝ እጅጌያቸው እስከ ክርን ርሷል። ክፍሉ ረግረግ ረግረግ ይሸታል። መርማሪ ሜታ ብሮን ያቅለሸለሿት ግን የሙዚየሙ ሰዎች ነበሩ።

ሬሳው ሳይነሳ ስለ ቃል ይከራከራሉ። የአገሬው አያቶች ይጠሩበት የነበረው «ቴግን» የሚባል የጥንት ቃል ምንጩ «ሎሌ» ነው ይሉ ነበር ሟቹ። ዶክተር ፍሌሚንግ ክራ «ተዋጊ» ነው ባይ ነው፤ ቃሉ የተቀረጸበት የጦር ዘንግ ዩላንድ በተባለው አውራጃ ረግረግ ውስጥ አገኘሁ ብሎ አምና ስም አትርፏል።

«ገዳዩ አስገር ነው» አለ ክራ፣ በካቴና ታስሮ ወደቆመው አዛውንት የሙዚየሙ ተላላኪ በአገጩ እየጠቆመ። «ቁልፍ አለው። ትናንትም ፕሮፌሰሩ ሲቆጡት ሰምቻለሁ።»

«ቁልፍስ እኔም እርስዎም አለን» አለች የሙዚየሙ ኃላፊ ኤስተር ዳም።

ሜታ ወደ አዛውንቱ ዞረች። «አስገር፣ ለምን ተቆጡዎት?»

«ያንን ገንዳ ለምን አላጸዳህም ብለው ነው፣ እመቤቴ። ዶክተሩ ንክች እንዳታደርገው ብለውኛል።»

ሜታ ገንዳዎቹን አንድ በአንድ አየች። «ኤስተር፣ ይህን የጥንት እንጨት ለምን ውኃ ውስጥ ታኖሩታላችሁ?»

«ከደረቀ ይሰነጣጠቃል። ከሺህ ዓመት በላይ ውኃ ስለጠጣ እንደ ድንጋይ ከታች ይተኛል።»

«ታዲያ የዶክተሩን ዘንግ ብቻ ለምን ከባድ የእርሳስ ጡብ ተጫነው? ሁላችሁም ኑ፣ ቅረቡ።»

እጅጌዋን ሰብስባ የእርሳሱን ጡብ አወጣች። ዘንጉ ብድግ ብሎ ተንሳፈፈ። በጡቡ ስንጥቅ ውስጥ እንደ ሟቹ ጸጉር ያለ ሽበት ተሰክቷል።

«ፕሮፌሰሩም ይህንኑ አደረጉ፤ እጅጌያቸው የራሰው ለዚህ ነው። ዘንጉ ሲንሳፈፍ አዲስ እንጨት መሆኑን አወቁ። ቃሉን የቀረጽከው አንተ ነህ፣ ክራ። በጡቡ መታሃቸውና ዘንጉ እንዳይታይ መልሰህ ጫንከው። ገዳዩ አስገር ቢሆን ያንተን ውሸት የሚደብቀው ምን ቤት ሆኖ ነው?»

ክራ ፊቱ ቀላ። «አያቶቻችንን ሎሌ ሊያደርጋቸው ነበር!»

«ለዚህ ብለህ ነው ሰው የገደልከው? ታስጠላለህ።»

ካቴናው ከአስገር እጅ ወጥቶ ክራ እጅ ላይ ገባ። በሩ ጋ ሲደርስ ክራ ዞር አለ።

«አስገር፣ ካፖርቴን!»

ሽማግሌው የሠላሳ ዓመት ልማድ ይዞት ወደ መስቀያው ሊሄድ ሲል ሜታ ክንዱን ያዘችው።

«ይተዉት፣ አስገር። ይብረደው።»