ቡርቃ ዝም ያለችባቸው አርባ ቀናት

ዘርትሁን በዚያን ዕለት ጠዋት አሥራ አንድ ድምፆች ጠግናለች። የአንድ ሽማግሌ ድምፅ ሻክሮ መጥቶላት አለሰለሰችው። የአንዲት መምህርት ድምፅ ቃል መሃል ላይ እየተቆረጠ ሲያስቸግር ሽቦውን ቀየረችለት። የአንድ የታክሲ ሹፌር ድምፅ ደግሞ በምን እንደሆነ ሳይታወቅ የሴት ሆኖ ስለነበር ወደ ቦታው መለሰችው። እሷ ራሷ ግን ድምፅ የሚባለውን ነገር አታስታውስም። ገና በሁለት ዓመቷ ማጅራት ገትር መስሚያዋን ወስዶባታል። ድምፆቹን የምትመረምረው መዳፏን መሣሪያው ላይ አሳርፋ ንዝረቱን በማዳመጥ ነው። በማዕከሉ ከእሷ የሚስተካከል ጠጋኝ እንደሌለ ጆሯቸው ደህና የሆነ ባልደረቦቿ ሁሉ ይመሰክራሉ።

መሣሪያው «አንደበት» ይባላል። መስማት የተሳነው ሰው ደረቱ ላይ ያንጠለጥለዋል፤ ቁልፉን በነካ ቁጥር አንደበት የእጁን ምልክት አይቶ በድምፅ ይናገርለታል፤ ሌላው ሰው ሲናገር ደግሞ ንግግሩን በጽሑፍ አድርጎ መነጽሩ ላይ ያወርድለታል። በየከተማው መንገድ ዳር የተተከሉት ቀጫጭን ምሰሶዎች መሣሪያዎቹን ከማዕከሉ ጋር ያገናኛሉ። ይህ ሁሉ ከመጣ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ አሁን እንደ ጫማ ሆኖ ማንም ልብ አይለውም።

አሥራ ሁለተኛውን ድምፅ ልትጀምር ስትል አለቃዋ አቶ ይርሳው ጠረጴዛዋ አጠገብ መጥተው ቆሙ።

«ቡርቃ ሞታለች» የሚል ጽሑፍ መነጽሯ ላይ ወረደ። አቶ ይርሳው በእጃቸው የያዙትን ሰሌዳ ዘረጉላት። በአገሪቱ ካርታ ላይ የየከተማው ቁጥር ይርገበገባል፤ ቡርቃ ላይ ግን አንዲት ዜሮ ተቀምጣለች። «ሁለት መቶ አሥራ አራት መስማት የተሳናቸው ነዋሪዎች አሏት። አርባ ቀን ሙሉ በአንደበት አንዲት ቃል አልተናገሩም።»

ዘርትሁን እጇን አንቀሳቀሰች፤ መሣሪያው ተናገረላት። «ምሰሶዎቹ ተበላሽተው ይሆናል።»

«ከዚህ ስንፈትሻቸው ደህና ነን ይላሉ። ወይ ይዋሻሉ፣ ወይ ሰዎቹ የሉም።» አቶ ይርሳው እንደ ልማዳቸው የሚያዩት ፊቷን ሳይሆን ድምፁ የሚወጣበትን ደረቷን ነበር። «ቦርዱ አርብ ይሰበሰባል። ቁጥሩ እንዲሁ ከቀረበ ምሰሶዎቹ ተነቅለው ለሌላ ከተማ ይሰጣሉ። ዛሬውኑ ሂጂና ምን እንደሆነ እይልኝ።»

ዘርትሁን ቡርቃን የምታውቃት በስም ነው፤ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ከምድር ሆድ በሚወጣ እንፋሎት ኤሌክትሪክ በሚያመነጩ ጉድጓዶች ዙሪያ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ያ እንፋሎት ሥጋ ከአጥንት የሚለይ መሆኑንም ሰምታለች። በዚያ መሃል ሁለት መቶ አሥራ አራት ሰው አርባ ቀን ሙሉ አፉ ተዘግቶ ከተቀመጠ፣ ክፉ ነገር ቢመጣ ማን ይደርስለታል? የመፍቻ ሻንጣዋን አንሥታ ወደ ባቡር ጣቢያ ስትሮጥ ምሳ መብላትንም ረስታ ነበር።

ጣቢያው ላይ የተቀበሏት ወይዘሮ በሬዱ የሚባሉ፣ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጠን ያሉ ሴት ናቸው። የቡርቃ የማህበረሰብ ተሐድሶ ሠራተኛ ናቸው፤ አካል ጉዳተኞችን ወደ ማዕከል ከመጥራት ይልቅ በየቤታቸው፣ በየጎረቤታቸው እየዞሩ የሚያግዙ። ደረታቸው ላይ ምንም አልተንጠለጠለም። እጃቸው ግን ከዘርትሁን እጅ ይፈጥናል።

«እንኳን ደህና መጣሽ ልጄ» አሏት በምልክት። «ከረሃብሽ ልጀምር ወይስ ከሥራሽ?»

«ከሥራው» አለች ዘርትሁን፤ ባዶ ደረታቸውን አይታ መሣሪያቸው ተበላሽቶ አውልቀውት ነው ብላ ደነገጠች። «አንደበቱ ከቆመ አርባ ቀን ሆኖታል። ለምን አላመለከታችሁም?»

ወይዘሮ በሬዱ ግራ ተጋቡ። «ብልሽት አላየንም። ግን ካልሽ ፈትሺ።»

ፈተሸች። በጣቢያው ምሰሶ ጀመረች፤ ቁጥር ውስጥ በማይገባው የሙከራ ቁልፍ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ስትል መሣሪያው መዳፏ ሥር ጥርት ብሎ ነዘረ። ገበያው ጋ ያለውም፣ ጤና ጣቢያው ጋ ያለውም እንዲሁ። አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ አሥራ ሰባት ምሰሶ ጨርሳ አንድም ጥፋት አላገኘችም።

ከምሰሶዎቹ ይልቅ ግራ ያጋባት ሌላ ነገር ነው። ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው ከደንበኛው ጋር በመስታወት ውስጥ ይከራከራል። መንገዱን የከባድ መኪና ሰልፍ ሞልቶት ሳለ ሁለት ሴቶች ወዲያና ወዲህ ማዶ ቆመው፣ በመኪኖቹ መካከል በሚያገኙት ክፍተት ስለ አንድ ሠርግ ያወራሉ። አንድ ጎረምሳ አፉን በሳምቡሳ ሞልቶ ለጓደኛው ኳሱ እንዴት እንደገባ ይተርክለታል። ዘርትሁን ዕድሜዋን ሁሉ የምልክት ቋንቋ ያየችው በትምህርት ቤትና በማኅበር አዳራሽ ነው፤ መንገድ ላይ ፈሶ አይታው አታውቅም። የማያገባትን ወሬ ሳትፈልግ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው፤ እያፈረች፣ እየጣፈጣትም፣ የሠርጉን ወሬ እስከ መጨረሻው ቆማ ተከታተለች።

«ሁለት መቶ አሥራ አራት ያለው ማነው?» አለቻቸው ወይዘሮ በሬዱን። «እኔ ብቻ ዛሬ ሦስት መቶ መስማት የተሳነው ሰው አይቻለሁ።»

ሴትዮዋ ፈገግ አሉ። «ጉድጓዶቹ ጋ ሁለት ምሰሶ ቀርቶሻል» ብለው ቀደሟት።

ጉድጓዶቹ ከከተማው በላይ፣ ግራጫ ድንጋይ በለበሰው ኮረብታ ላይ ናቸው። ገና ሲጠጉ የምድሩ ንዝረት በጫማዋ አልፎ ጥርሷ ድረስ ገባ። ሠራተኞቹ ሁሉ ወፍራም የጆሮ መከላከያ አድርገዋል። ግዙፍ ቧንቧዎች ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ ይሻገራሉ፤ በአንዱ ላይ፣ ሁለት ፎቅ በሚያህል ከፍታ፣ ገመዳ የሚባል ወጣት ሠራተኛ ጀርባውን ሰጥቷቸው ቆሞ መለኪያ ያነባል።

ዘርትሁን የምሰሶውን ክዳን ልትፈታ ቀና ስትል ነው ያየችው። ከገመዳ ጀርባ፣ አራት እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ፣ ከቧንቧው መጋጠሚያ አንዲት ነጭ ክር ወጣች። ክሯ ወፈረች። የመጋጠሚያው ብሎን ሲንቀጠቀጥ ከታች ሆና አየችው።

ቁልፉን ነካች፤ እጆቿ ሳታዛቸው ተወረወሩ። «ከኋላህ! ውረድ!» ደረቷ ላይ ያለው አንደበት በሙሉ ኃይሉ ጮኸ፤ ንዝረቱ የጎድን አጥንቷን መታው። ግን በዚያ ጉድጓድ ጩኸት ውስጥ መሣሪያው ቢጮህ ባይጮህ ያው ነው። ማንም አልዞረም። ገመዳ መለኪያውን ያነባል።

ያኔ ዘርትሁን መሣሪያዋን ረሳችው። ወደ ሜዳው መሃል ሮጣ፣ ሁለት እጇን ከራሷ በላይ አንሥታ፣ ክንዷ እስኪነቀል ምልክቱን ሰማዩ ላይ ጻፈችው። ከሜዳው ማዶ፣ በክሬኑ ጎጆ ውስጥ የተቀመጠች ሴት አየቻት። ሴትየዋ ጊዜ አላጠፋችም፤ የክሬኑን መብራት ገመዳ ፊት ላይ አብርታ ቀና እንዳለ በመስኮቷ ወጥታ በሁለት እጇ ነገረችው፦ ከኋላህ፣ እንፋሎት፣ በግራ ውረድ። ገመዳ አልዞረም፤ ምን ማለት ነው ብሎም አልጠየቀም። በግራው ያለውን መሰላል ይዞ እንደ ውኃ ቁልቁል ፈሰሰ። ክሬን ነጂዋ ከቧንቧው ጫፍ ለቆመው ሰው «ዝጋ» አለችው፤ እሱም መዝጊያውን ያዘ።

መጋጠሚያው ሲፈነዳ ገመዳ የመጨረሻው የመሰላል ደረጃ ላይ ነበር። ቆሞበት የነበረው ቦታ በነጭ ደመና ተዋጠ። መዝጊያው ሲጠበቅ ደመናው ሳሳ፤ ነፋስም ይዞት ሄደ።

ዘርትሁን ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ገመዳ መጥቶ ፊቷ ተንበረከከ። «እናቴ ትመርቅሽ» አላት በእጁ። ክሬን ነጂዋም ወርዳ መጣች፤ መዝጊያውን የዘጋውም። ሁሉም በአንድ ላይ፣ እጅ በእጅ ላይ እየደረበ ያወራል።

«መስማት ያቆምከው በስንት ዓመትህ ነው?» አለችው ገመዳን፤ በማጽናናት ዓይነት።

ገመዳ ጓደኞቹን አየ። ከዚያ የጆሮ መከላከያውን አወለቀ። «እሰማለሁ እኮ። እሷም ትሰማለች። እሱም።»

ዘርትሁን ወደ ወይዘሮ በሬዱ ዞረች። ሴትዮዋ አጠገቧ ተቀመጡ።

«እኔም እሰማለሁ» አሏት። «የማጅራት ገትር ወረርሽኝ የብዙ ልጆችን ጆሮ ወስዶ ያለፈ ጊዜ እናቶች ልጄን አድኚልኝ እያሉ መጡብኝ። ጆሮ መመለስ አልችልም። ልጆቹን ምልክት ባስተምራቸው እርስ በርሳቸው ያወራሉ፤ ከቤታቸው ጋር ግን አያወሩም። ስለዚህ ልጆቹን ለትምህርት ቤቱ ትቼ እናቶቹን ያዝኩ። ቀጥዬ ጎረቤቱን። ቀጥዬ እድሩን። እድራችን አምስት ምልክት ሳይማር ስብሰባ አይከፍትም።»

«እሺ አሉ?»

«መጀመሪያ አጉረመረሙ። ጉድጓዶቹ ሲከፈቱ ግን በዚህ ጩኸት ሁሉም እኩል ሆነ። ያን ጊዜ የሚያጉረመርም ጠፋ።»

«እሺ አርባ ቀኑስ?»

ወይዘሮ በሬዱ ሳቁ። «መድኃኒት ቤቱ ነው። ባለሙያው ሰነፍ ተማሪ ነበር፤ ሰዉ አንደበቱን የሚያንጠለጥለው እሱ ጋ ሲሄድ ብቻ ነበር። ከአርባ ቀን በፊት እሱም ምልክቱን ቻለ።»

ዘርትሁን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ድምፅ ጠግናለች። ጉድለቱ ያለው እሷና እሷን የመሰሉት ጋ ብቻ ነው ብላ ታምን ነበር። አሁን አንድ ሰነፍ ባለ መድኃኒት ቤት አምስት አምስት እያለ የተማረው ነገር እሷ በመፍቻ ካቃናችው ሁሉ በለጠባት። የተሰማት ደስታ ይሁን ቁጣ ለመለየት ጊዜ ፈጀባት። ደስታው አመዘነ።

አመሻሹ ላይ አቶ ይርሳው ደወሉ። ፊታቸው በስክሪኑ ላይ በርቷል። «ጎበዝ፤ ጠገንሽው። ዛሬ ከቡርቃ ሁለት ቃል መጣ። ‹ከኋላህ፣ ውረድ› ይላል። ማን ነው የተናገረው?»

«እኔ ነኝ» አለች። «ማንም ግን አልሰማውም።» ከዚያ የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው። አቶ ይርሳው ጨርሳ እስክትነግራቸው ተከታተሏት። «ይህን በወረቀት ባቀርብ ያበደ ነው የሚሉኝ» አሉ። «በዓይኔ ማየት አለብኝ።»

ሐሙስ ዕለት መጡ። ወይዘሮ በሬዱ በኮረብታው ግርጌ ወዳለው፣ ሠራተኞቹ ወደሚመገቡበት ቤት ወሰዷቸው። የጉድጓዶቹ ጩኸት ብርጭቆዎቹን ጠረጴዛ ላይ ያስጨፍራቸዋል። አስተናጋጇ መጥታ ምን እንደሚያዙ በእጇ ጠየቀቻቸው። አቶ ይርሳው ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ፤ ምንም አልተሰማም። ጮኹ፤ አንገታቸው ላይ ሥር ተገተረ። አስተናጋጇ በትዕግሥት ደገመችላቸው፤ ይበልጥ ቀስ አድርጋ፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ እየዘረጋች። ገመዳ ከማዶ ሆኖ «እንግዳ ነው፤ ታገሺው» አላት።

ገመዳ ከመሰላሉ እንዴት እንደፈሰሰ ይተርክ ጀመር፤ የራሱን ፍርሃት እያጋነነ። ጠረጴዛው በሙሉ በሳቅ ተናወጠ። አቶ ይርሳውም ሳቁ፤ ከሁሉም ትንሽ ዘግይተው፣ ዓይናቸው ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው እየተቅበዘበዘ። ዘርትሁን ያንን ሳቅ ታውቀዋለች። ሌላው ስለሳቀ ብቻ የሚሳቅ ነው፤ በቤተሰብ ግብዣ፣ በሥራ ቦታ፣ በሠርግ ላይ ስትስቀው የኖረችው ነው። የከረመ ብድሯን እዚያው መመለስ ትችል ነበር፤ ትንሽም ፈለገች።

አቶ ይርሳው ከኪሳቸው እስክሪብቶ አወጡ። በወረቀት መሐረብ ላይ «ነገ ለቦርዱ ምን ልበላቸው?» ብለው ጻፉና እስክሪብቶውን ለእሷ ዘረጉላት።

ዘርትሁን እስክሪብቶውን ተቀብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ወንበሯን ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች። ፊት ለፊታቸው ያለውን ብርጭቆ በጣቷ አሳየቻቸው፤ ከዚያ ጣቶቿን ሰብስባ ወደ ከንፈሯ አስጠጋች፤ ውኃ። አቶ ይርሳው ፊቷን አዩ፤ ዓይን ለዓይን። ቀኝ እጃቸውን ከጠረጴዛው ላይ አነሡ፤ አየር ላይ ሲደርስ ምን እንደሚያደርጉት ጠፋባቸው። ጠረጴዛው ሁሉ መብላቱን ትቶ ይጠብቃቸው ነበር።

ዘርትሁን እንደገና አሳየቻቸው፤ ቀስ አድርጋ።